ያስተማሩኝን መምህር እንዴት ላሠልጥን?

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው በሀዋሳ ከተማ ሲሆን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ያደግሁትም የተማርኩትም እዚሁ ከተማ ስለ ሆነ፣ ዛሬ አብረውኝ ከሚሠሩት መምህራን አንዱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። እኔ እስካሁን «ቲቸር» ነው የምላቸው፤ እርሳቸውም «አንተ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ስመደብ ከሁሉም ሰው ጋር ይዘውኝ ዞረው ያስተዋወቁኝ እርሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን በድጋፍ አንድ ባለ ፕሮጀክተር ስማርት ቦርድና ጥቂት ላፕቶፖች አገኘ። ርዕሰ መምህሩም በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር መምህራኑን በሙሉ እንዳሠለጥን አዘዙኝ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ተሰበሰቡ። ባዘጋጀሁት ስላይድ ማስረዳት እንደ ጀመርኩ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ጊዜው ስለ ሄደብኝ ቶሎ ወደ ተግባር ለመግባት ፈለግሁና «ቲቸር፣ እስኪ እርስዎ ይሞክሩት» ብዬ ጠራኋቸው። በብዕሩ ሲጽፉ መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ ወጣ፤ ደጋግመው ቢሞክሩም አልሆነም። ከኋላ የተቀመጡ ወጣት መምህራን ሳቁ። ብዕሩን እጄ ላይ አስቀምጠው «አንተ ቀጥል፤ ለእኔ ጠመኔው ይበቃኛል» አሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ ነገር ግን «እርስዎ» እያሉ ነው የሚያነጋግሩኝ፤ አብረን እንጠጣ የነበረው ቡናም ቀርቷል። በሚቀጥለው ሥልጠና አብዛኞቹ መምህራን ፈርመው ወጡ። አንድ አንጋፋ መምህርም «ፕላዝማም መጥቶ ሄዷል፤ ይኼም ይሄዳል» አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ሱፐርቫይዘሮች ከመምጣታቸው በፊት «መቶ በመቶ ሠልጥነዋል» የሚል ሪፖርት እንዳቀርብ ይጠይቁኛል። በዚህ መካከል ኔትወርክ የሚዘረጋ አንድ የግል ድርጅት ከደመወዜ የተሻለ ክፍያ አቅርቦልኛል። እናቴ «ከሰው ጋር ከመቀያየም ሂድ» ትለኛለች። እኔ ግን ማስተማር እወዳለሁ። ቲቸርን እንዴት ልቅረባቸው? ያስተማሩኝንና በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰዎች እንዴት ላሠልጥን? ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?

ግራ የገባኝ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ሦስት ጥያቄዎች ቢኖሩትም ከሁሉ የከበደህ የቲቸርህ ነገር መሆኑ ከአጻጻፍህ ይታያል፤ ስለ ደመወዙ በአንድ መስመር ስታልፍ ስለ እርሳቸው ግን ዘርዝረህ ጽፈሃልና። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ያን ዓርብ ለአፍታ በእርሳቸው በኩል ሆነህ አስበው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሰሌዳ ፊት ቆመው ነው፤ በዚያ ቦታ የሌላውን ስሕተት ያርማሉ እንጂ ራሳቸው መስመር ሲጠምባቸው ማንም አይቷቸው አያውቅም ማለት ይቻላል። አንተ ያለ ክፉ አሳብ፣ እንዲያውም ያከበርካቸው መስሎህ «እስኪ እርስዎ ይሞክሩት» ስትል ባለቤቱን በገዛ ቤቱ እንግዳ አደረግኸው። የወጣቶቹ ሳቅም ቢሆን ሳቅ በመሆኑ ብቻ የጎዳቸው አይመስለኝም። ስትመደብ ይዘውህ የዞሩት በአንተ ስለሚኮሩ ነበር፤ የሚኮሩበት ልጅ ጠርቷቸው ተነሥተው፣ እርሱ ቆሞ እያየ መሳቃቸው ነው የሚከብደው። «እርስዎ» ማለታቸውንም እንደ ቂም ብቻ አትየው። «አሠልጣኜ ከሆንክ እንደ አሠልጣኝ ላክብርህ፤ እንደ ልጄ መቅረቡ ግን ይቅርብኝ» ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ያለበት ነገር ነው።

እስኪ ልጠይቅህ፤ ከዚያ ዕለት በፊት ያንን ብዕር ይዘው ያውቁ ነበር? እንደምትጠራቸውስ አስቀድመህ ነግረሃቸው ነበር? ሁለቱም ካልሆነ፣ በአርባ ሰው ፊት ያልተዘጋጁበትን ፈተና ሰጥተሃቸዋል ማለት ነው፤ እኛ መምህራን ደግሞ ለተማሪ እንኳ ድንገተኛ ፈተና ስንሰጥ ምን ያህል እንደሚከፋው እናውቃለን።

ሌላም ነገር አለ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህና በጥርጣሬ ብቻ ላንሣው። ባለ ፕሮጀክተር ቦርድ ፕሮጀክተሩ ከቦታው ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ብዕሩ የሚነካው ቦታና መስመሩ የሚወጣበት ቦታ ይለያያሉ፤ እንደገና ካሊብሬት እስኪደረግ፣ ማለትም ብዕሩና መስመሩ እንዲገጣጠሙ እስኪስተካከል ድረስም ማንም ቢጽፍበት ውጤቱ ያው ነው። ያን ዕለት የሆነው ይህ ከነበረ ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም፤ በክፍሉ የነበረው ሰው ሁሉ ግን እጃቸውን አይቶ ወጥቷል። መርምረህ እውነት ሆኖ ካገኘኸው በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ በሁሉም ፊት «ባለፈው ቦርዱን ሳላስተካክል ነበር ያቀረብኩት፤ እኔም ብጽፍበት እንደዚያው ይሆን ነበር» በል። የእርሳቸውን ስም አታንሣ፤ ነገሩን አታርዝም። ያፈሩት በሰው ፊት ስለ ሆነ ይህ እርማት በሰው ፊት መሆን አለበት፤ ይቅርታው ግን ለብቻ ነው።

ለይቅርታው የመምህራን ማረፊያ ክፍል አይመችም፤ ሁሉም ጆሮውን ይጥላል። ከሥራ ሲወጡ አብረሃቸው ውጣ፤ ወይም ቀድሞ ቡና ትጠጡበት ወደ ነበረው ቤት ጋብዛቸው፤ መንገዳችሁ ወደ ፍቅር ሐይቅ ከሆነ ደግሞ እየተራመዱ መነጋገር ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። ሽማግሌ አትላክ። ሽማግሌ የሚገባው ሁለት ሰው መነጋገር ሲያቅተው ነው፤ እናንተ ሰላምታ እንኳ አላቋረጣችሁም፤ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ከነበረው ይልቅ ይገዝፋል። የምትለውም አጭር ይሁን፤ «ቲቸር፣ ያን ቀን ሳልነግርዎት በሰው ፊት ማስነሣቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ይበቃል። መብራት ስለ ጠፋ ነው፣ ጊዜ ስላነሰኝ ነው የሚለውን ተወው፤ ምክንያት የተከተለው ይቅርታ ክርክር ይመስላል። ምናልባት «ኧረ ምንም አይደል፣ ተወው» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ይወስዱህ ይሆናል። አብረሃቸው ሂድ። በዚያው ዕለት «አንተ ልጅ» ወደ ማለት ባይመለሱ አትደንግጥ፤ ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በዚያ ንግግር ላይ ስለ ሥልጠናው አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ አደራ እልሃለሁ። «ስለዚህ ዓርብ ይምጡልኝ» ካልካቸው ይቅርታው ሁሉ ለሪፖርቱ ሲባል የመጣ ይመስላቸዋል። ይልቅ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከልብህ የምትፈልገውን ሌላ እርዳታ ጠይቃቸው። ብዙ ተማሪ በጥቂት ኮምፒውተሮች ዙሪያ ተጨናንቆ በምታስተምርበት ሰዓት፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዳያወራ ክፍሉን እንዴት እንደምትይዝ ይመክሩህ፤ ክፍልህ ገብተው አንድ ክፍለ ጊዜ ይመልከቱህ። ይህን የምልህ ለማባበያ አይደለም። አንተ ገና የምትማረውን የክፍል አያያዝ እርሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጨርሰውታል፤ እንዲህ ያለው የእርስ በርስ ምልከታም በሙያ ማሻሻያው መርሐ ግብር ውስጥ ያለና ለሁለታችሁም የሚቆጠር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ። «ፕላዝማም መጥቶ ሄዷል» ያሉህን መምህር ሰነፍ ናቸው ብለህ እንዳትደመድም እፈራለሁ። በ1997 ዓ.ም. በፕላዝማ ስክሪን የሚታየው የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲጀመር እነዚህ መምህራን ክፍል ውስጥ ነበሩ። በስክሪኑ የሚታየው መምህር በእንግሊዝኛ በራሱ ፍጥነት ያስተምራል፤ የክፍሉ መምህር መግቢያውን ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል፤ በመካከሉ ተማሪው ባይገባው እንኳ ሥርጭቱ በቀጥታ የሚመጣ ስለ ነበር ቆም ማድረግም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ነበር። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ይሄዳል። አንተም በዕድሜህ የፕላዝማ ትውልድ ስለ ሆንክ፣ ቲቸርህን ስክሪኑ አጠገብ ቆመው እስኪያልቅ ሲጠብቁ ያየሃቸው ይመስለኛል። ያን ያሳለፈ ሰው አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁልፉ የቱ ጋ ነው ብሎ አይደለም፤ ይኼም ክፍሌን ከእጄ ሊወስድብኝ ነው ወይ ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ሳይሰጡት ወደ ስላይድ መግባት ግን የትም አያደርስም። አንተ ያመጣኸው መሣሪያ ልዩነቱ መምህሩ ባለው ቦታ መቆሙ፣ መደገሙና ሊጻፍበት መቻሉ ነው፤ ይህን በንግግር ከምታስረዳ ይልቅ አንድ ቪዲዮ ከፍተህ በመካከሉ አቁመው፣ በላዩ ላይ ቀስት ሥራበት፣ ከዚያም አጥፍተህ በጠመኔ ቀጥል። ያዩታል።

ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የምታስተምራቸው ነገር ስማርት ቦርዱን የሚመለከት እንዳይሆን እመክርሃለሁ። ለርዕሰ መምህሩ የሚታየው እርሱ ስለ ሆነ ሥልጠናው በእርሱ ተጀመረ እንጂ፣ አንድ መምህር ማታ ማታ የሚቸገርበት ሌላ ነው። የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲደርስ የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ሮስተር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። የእያንዳንዱን ተማሪ የየትምህርቱን ውጤት ይለቅማል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል፣ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ደረጃው ሁሉ ስለሚዛባ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሥራ በኤክሴል አሳያቸው፤ ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን የሚያወጡትን ሦስት ቀመሮች ብቻ። የደረጃው ቀመር እኩል ውጤት ላላቸው ሁለት ተማሪዎች እኩል ደረጃ ሰጥቶ ቀጣዩን ቁጥር እንደሚዘልል ሲያዩ፣ ራሳቸው በእጅ የሚሠሩት መንገድ መሆኑን አውቀው ይተማመኑበታል። የመጀመሪያውን ጊዜ በእጅም በኤክሴልም ሠርተው ያመሳክሩት። ፋይሉ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፤ የወረቀቱ ዋና ቅጂም አይጣል። ፍላሽ ካነሣን አይቀር፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች የቫይረስ መናኸሪያ መሆናቸውን ከእኔ አትሰማም፤ አንድ መምህር የዓመት ሥራው ከጠፋበት ሁለተኛ አይመለስልህምና አስቀድመህ አጽዳቸው።

የፈተና ወረቀትም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ መምህራን ፈተናቸውን በእጅ ጽፈው ለጸሐፊ ሰጥተው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ችግር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጸሐፊዋ ሒሳብ የማወቅ ግዴታ ስለሌለባት የኤክስ ስኩዌር 2 ቁጥር ከላይ መቀመጡ ቀርቶ ከጎን ይወርዳል፣ ሥሩ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል፤ በፈተናው ዕለት መምህሩ ከክፍል ክፍል እየሮጠ «ተራ ቁጥር 7 ላይ አርሙ» ሲል ይውላል። ወርድ ላይ «አልት»ንና የ«እኩል ይሆናል» ምልክትን አብሮ በመጫን የሚከፈተውን የቀመር መጻፊያ ያወቀ የሒሳብ መምህር ፈተናውን ራሱ አዘጋጅቶ ሊያትመው ይችላል። ቲቸርህ ለስማርት ቦርዱ ጀርባቸውን ቢሰጡ እንኳ ለዚህ የሚሰጡ አይመስለኝም።

ወደ ክፍል ውስጥ ትምህርት ስትመጣም ከመሣሪያው ሳይሆን ከመምህሩ ትምህርት ጀምር። «ተማሪዎችዎ ሁልጊዜ የሚቸገሩበት ርዕስ የቱ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን ይዘህ ሂድና ለዚያ ርዕስ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ተመለስ። ለምሳሌ የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ በጠመኔ ሲሣል ሦስት አራት ፓራቦላ ለማሳየት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ጂኦጄብራ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በ2001 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተጀመረ ሲሆን አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በፈንክሽኑ ውስጥ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉትን ቁጥሮች በተንሸራታች እየቀያየሩ ግራፉ ወዲያው ሲለዋወጥ ማሳየት ይቻላል፤ ኤ ከዜሮ ሲያንስ ፓራቦላው ወደ ታች ይገለበጣል፣ ሲ ሲቀየር ሙሉው ግራፍ ይወጣል ይወርዳል። ቢ ብቻ ሲቀየር ግን የፓራቦላው ጫፍ ራሱ በሌላ ፓራቦላ መንገድ ላይ ይጓዛል። ይህን የመጨረሻውን ሒሳብ ለሚወድ ሰው ዝም ብለህ አሳየውና ምክንያቱን እርሱ ያስረዳህ። በዚያች ቅጽበት አሠልጣኙ አንተ መሆንህ ይቀርና ሁለት ሰዎች ስለ ሒሳብ መነጋገር ትጀምራላችሁ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ሥልጠና አላውቅም።

ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መምህራን ፌት (PhET) የተባሉት በኮምፒውተር የሚሠሩ የሙከራ ማሳያዎች አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመራቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ፤ ባትሪና አምፖል በሌለበት ቤተ ሙከራ ተማሪው ሽቦ ቀጥሎ አምፖል ሲበራ ያያል። ለጂኦግራፊ መምህር ደግሞ የሀዋሳን ሐይቅና የታቦርን ተራራ ከላይ የሚያሳይ የሳተላይት ምስል አስቀድመህ አውርደህ ስጥ፤ ተማሪው የሚያውቀውን ሐይቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሆኖ ሲያየው መጽሐፉ ላይ ካለው ካርታ በተሻለ ይገባዋል። ለአማርኛ መምህር ስልክና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ሁሉን ሰው ወደ ስማርት ቦርድ መጎተት አያስፈልግም።

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ማሠልጠኑን ተወው። በየትምህርት ክፍሉ አራት አምስት ሆነው፣ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በማይበልጥ ሰዓት፣ ተማሪ በሌለበት ክፍል ይሁን። ማውሱ በእነርሱ እጅ፣ የአንተ እጅ ከኋላህ ይሁን። ይህ ከምትገምተው በላይ ከባድ ነው፤ እናንተ ኮምፒውተር የምታውቁ ሰዎች አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲፈልግ መታገሥ አቅቷችሁ «ቆይ» ትሉና ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ሰውየውም ምንም ሳይማር አመስግኖ ይሄዳል። መብራት እንደሚጠፋ ቆጥረህ ተዘጋጅ፤ እያንዳንዱ መምህር በዕለት ትምህርት ዕቅዱ ላይ «መብራት ከሌለ» የምትል አንዲት መስመር ትኑረው፤ ያው ግራፍ በፍሊፕ ቻርት ተሥሎ ጥግ ላይ ይጠብቅ። የሳቁትን ወጣት መምህራን ደግሞ አትቆጣቸው፣ ሥራ ስጣቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትምህርት ክፍል አንድ አንጋፋ መምህር እንዲያግዙ ብትመድብ፣ በሁለተኛው ቀን የሚስቁ አይመስለኝም።

ከርዕሰ መምህሩ ጋርም መነጋገር ይኖርብሃል። እርሳቸውን ክፉ አድርገህ አትያቸው፤ ከበላያቸው ሪፖርት የሚጠይቅ አካል አለባቸው። ነገር ግን «መቶ በመቶ ሠልጥነዋል» የሚል ወረቀት ላይ ፊርማህን ስታኖር፣ ሱፐርቫይዘሩ አንዱን መምህር «እስኪ አሳየኝ» ካለው የሚያፍረው ያ መምህር፣ ቀጥሎም አንተ ነህ። ያን ዓርብ የሆነውን በሱፐርቫይዘር ፊት መድገም ነው የሚሆነው። ስለዚህ በምትኩ ሌላ የሚቆጠር ነገር አቅርብላቸው፤ በዚህ ወር እነዚህ መምህራን እነዚህን ርዕሶች በቴክኖሎጂ አግዘው አስተምረዋል፣ የዕለት ዕቅዳቸው ይኸው፣ የተመለከታቸው ባልደረባ አስተያየትም ይኸው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ማንም ገብቶ ሊያየው የሚችል ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱን ብታነሣም አሳባቸውን ለማግኘት ይረዳሃል፤ ተማሪዎቻቸው ማውስ ይዘው መፈተናቸው ስለማይቀር ቤተ ሙከራው ለጉብኝት ቀን ብቻ ተቆልፎ መቆየት እንደሌለበት ይገባቸዋል።

በዚያው ንግግር ለራስህም ጠይቅ። የሥራ ምደባህ በደብዳቤ ይሰጥህ፤ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜህ ጥቂት ይቀነስልህ፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ በእጅህ ይሁን። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፉ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲያሳልፍ ይጠበቃል፤ አንተ የምታዘጋጅበትና የምታሠለጥንበት ሰዓት በፖርትፎሊዮህ ውስጥ በማስረጃ ተደግፎ ካልገባ ለደረጃ ዕድገት ስትወዳደር ማንም አያስታውስልህም። ሠልጣኞቹም ፈርመው የሚወጡት ሰዓቱ የሚቆጠርላቸው በፊርማ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው፤ ያስተማሩት ትምህርትና የሠሩት ሮስተር እንደ ማስረጃ እንደሚቆጠር ከዩኒት ሊደሮቹ ጋር ተስማምታችሁ ንገሯቸው። ሁለተኛ ዲግሪ የመማር አሳብ ካለህ ደግሞ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቅርብህ ነው፤ ይህ የመምህራን ሥልጠና ራሱ ለጥናት የሚሆን ርዕስ ነው፤ ዛሬ የምትይዘው ማስታወሻም ያኔ ይጠቅምሃል።

ወደ ግል ድርጅቱ እንመለስ። ማስተማር የተከበረ ሙያ ነውና ደመወዙን ቻለው አልልህም፤ የቤት ኪራይ በክብር አይከፈልም። እናትህም የሚሉት ልጃቸው ተከፍቶ ሲገባ አይተው ነው። ሆኖም የምትሄድበትን ምክንያት ለይተህ እወቀው። ቲቸርህ ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው «አንተ ልጅ፣ ና ቡና እንጠጣ» ቢሉህ ይህን የሥራ ግብዣ ትቀበለው ነበር? አዎ ካልክ ምክንያትህ ክፍያውና የሙያ ፍላጎትህ ነውና በሰላም ልትሄድ ትችላለህ። አይ ካልክ ግን የምትሸሸው አንድ ዓርብን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሥራ መልቀቅ አያስፈልገውም። በመካከል ያለ መንገድም አይጠፋም፤ ድርጅቱ በቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት በኮንትራት ሊያሠራህ ይችል እንደሆነ ጠይቅ፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ይህን ይፈቅድ እንደሆነም አጣራ። የምትለቅ ከሆነ አስቀድመህ ስንት ጊዜ ማሳወቅ እንዳለብህ፣ የኮስት ሼሪንግ ዕዳህም በአገልግሎት ተሸፍኖ እንደሆነ ከሰው ሀብት ክፍሉ ሳትጠይቅ ምንም አትፈርም፤ ከተቻለም ተማሪዎችህ በሴሚስተር መካከል ያለ መምህር እንዳይቀሩ ድርጅቱ እስከ ፈተናው ማግስት ይጠብቅህ እንደሆነ ተነጋገር።

ድርጅቱ መልስህን እስከ መቼ እንደሚጠብቅ በዚህ ሳምንት ጠይቅና ቀኑን እወቅ። ከቲቸርህ ጋር የምታደርገውን ንግግር ግን ከዚያ ቀን ጋር አታያይዘው፤ ብትቆይም ብትሄድም ያን ይቅርታ መጠየቅ ይኖርብሃል፤ ስትሄድ ከጠየቅኸው ደግሞ ስንብት መስሎ ስለሚሰማቸው፣ ውሳኔህን ከማንም ጋር ሳትነጋገር በፊት አነጋግራቸው።